የስድስት ዓመት መንጋጋ ምንድን ነው?

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው የፊት ጥርሱን ነው። ተነቃነቀ፣ ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ተወረወረ። በዚያው ሰሞን ግን ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ ጥርስ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። የሚተካው ጥርስ ስለሌለ የሚወልቅ ነገር የለም። ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። የስድስት ዓመት መንጋጋ የሚባለው እሱ ነው፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት።

ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ሲቦረቦር «ግዴለም፣ ይቀየራል» ይባላል። አይቀየርም! ቋሚ ጥርስ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚያኝክበት ጥርስ ገና በሰባት በስምንት ዓመቱ ሲበላሽ።

ብቅ የሚለው በስድስት ዓመት ይሁን እንጂ ሥራው የተጀመረው ድሮ ነው። መጠንከር የሚጀምረው ልጁ በሚወለድበት ጊዜ አካባቢ ነው። ሦስት ዓመት ሲጠጋው የጥርሱ አናት አጥንቱ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። ከዚያ ሥሩ እየረዘመ፣ ጥርሱም ቀስ እያለ ወደ ድዱ ይመጣል። ከወጣ በኋላ እንኳ ሥሩ እስኪያልቅ ሌላ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል።

የፊቶቹ ቋሚ ጥርሶች ግን ከወተት ጥርሶቹ አጠገብ ተደብቀው ነው የሚያድጉት። እየገፉ ሲመጡ የወተት ጥርሱ ሥር እየሟሟ ያልቃል። የወለቀችውን ጥርስ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩዋት። ሥር የላትም፤ ከታች ጎድጎድ ብላለች።

ጥርሱ አጥንት ውስጥ ሳለ የደረሰበት ነገር በኋላ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። እዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ሰው ሳይፍቁት የቀረ ይመስለዋል። ጉዳቱ የደረሰው ግን ጥርሱ ሳይወጣ ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ሲቀደድም ከውስጥ ያለው የቋሚው ክራንቻ ጅምር ሊጎዳ ይችላል። ተቅማጡን ደግሞ አያድነውም።

የስድስት ዓመቱን መንጋጋ ለማግኘት ልጁን መስኮት አጠገብ አቁሙትና አፉን አስከፍቱት። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ፤ የወለቀውንም ቦታ አትዝለሉ። የወተት ጥርስ በአንድ ጎን አምስት ነው። ስድስተኛ ካለ እሱ ነው። ላዩ ላይ ጎድጓዳ መስመር ይበዛል፤ ብስኩትና ዳቦ ይሰነቀርበታል። ገና ሲወጣ ከጎረቤቱ ስለሚያጥር ብሩሹ ሳይነካው ያልፋል። ብሩሹን ከጉንጩ በኩል አግድም አስገቡትና እሱን ለብቻው ፈትጉት። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም መስመሮቹን በስስ ሽፋን መድፈን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጥርሱ ሳይበላሽ በፊት የሚሠራ ነው፤ መርፌም አያስፈልገውም።