በጨለማ የሚያይ ካሜራና የቤት ደህንነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ኮምቦልቻም አጥሩ ላይ ካሜራ የሰቀለ ግቢ እየበዛ ነው። ጥሩ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ካሜራውን ሰቅሎ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ሰው መብዛቱ ነው። ከጎረቤትም ከሻጭም ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ድቅድቅ ጨለማ ቢሆንም ያያል።»

የሚያየው የራሱን መብራት እያበራ ነው። በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን ይረጫሉ፤ ብርሃኑ ሰው ወይም ግድግዳ ላይ አርፎ ሲመለስ ካሜራው ይቀርጸዋል። ሲመሽ ከካሜራው «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚሰማው፣ ቀን ቀን ኢንፍራሬዱን የሚያግደው ማጣሪያ ዞር ሲል ነው። ሌባ ፈጽሞ አያየውም የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ850 ናኖሜትር (የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ነው) የሚሠሩት ላይ ፈዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይታያል። የ940ዎቹ አይታይም፣ ግን ያን ያህል ርቀት አያሳዩም።

ካሜራው በራሱ መብራት የሚያይ ስለሆነ ደሴ ላይ ትልቁ ፈተናው ጉም ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወደ ከተማው ሲወርድ፣ የተረጨው ብርሃን የጉሙን ጠብታዎች መትቶ ወዲያው ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ነጭ መጋረጃ ብቻ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «30 ሜትር» ለጠራ አየር ነው። ሸረሪት ሌንሱ ላይ ድር ስታደራም እንዲሁ ነው፦ አንዲቷ ክር በብርሃኑ ነጭ ገመድ መስላ ትወዛወዛለች፣ ስልኩም ሌሊቱን ሙሉ «ሰው ገባ» እያለ ይጮኻል። በየሳምንቱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ለጉሙ ደግሞ ከካሜራው ራቅ አድርጎ በር ላይ ተራ አምፖል ማብራት ይረዳል፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ በቀጥታ ወደ ሌንሱ አይመለስም።

«መስኮቱ ውስጥ ባስቀምጠው ውጭውን ይጠብቅልኛል።»

ቀን አዎ። ማታ መስተዋቱ ኢንፍራሬዱን መልሶ ያንጸባርቅበታል፣ ካሜራው የሚያየው የራሱን ብርሃን ነው። ውጭ መስቀል ይሻላል።

«ቪዲዮው ካለ ፖሊስ በአንድ ቀን ይይዘዋል።»

ማታ የተቀረጸው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው፤ በኢንፍራሬድ ደግሞ የልብስ ቀለም ያታልላል። አንዳንድ ጥቁር ጃኬት ነጣ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ «ነጭ ልብስ የለበሰ ነው» ብላችሁ ንጹሕ ሰው ላይ ጣት እንዳትቀስሩ፤ ቁመቱን፣ አረማመዱን፣ የገባበትን አቅጣጫ ተናገሩ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ካሜራው 02:00 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቃል ስትሰጡ ይህን ሳትለዩ ከተናገራችሁ ቪዲዮውና ቃላችሁ አይገጥሙም።

«መብራት ቢጠፋም ፖውር ባንክ አለኝ።»

ተራ የቤት ካሜራ 5 ዋት ገደማ ይበላል፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ፖውር ባንክ ብክነቱ ተቀናንሶ 10 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ነገር ግን ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ብዙው የሚሠራው በ9 ወይም በ12 ቮልት ነው፣ የፖውር ባንኩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ደግሞ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው። ካሜራው ቢሠራም ዋይፋዩ ከሞተ ስልካችሁ ላይ ምንም አይደርስም። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ)፣ ለካሜራው ሜሞሪ ካርድ ያስፈልጋል። መብራት ከመጥፋቱ በፊት አንድ ምሽት ራሳችሁ ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ሞክሩት።

«በጨለማ የሚያሳይ የወታደር መነጽር ቢኖረኝ ግድግዳ አልፎ ያሳየኛል።»

አያሳይም። ብርሃን የሚያጎላው መነጽር ቢያንስ የኮከብ ብርሃን ይፈልጋል። በሙቀት የሚያየው ደግሞ ግድግዳ ቀርቶ ተራ የመስኮት መስተዋት እንኳ ያግደዋል። ከውጭ ላኩልኝ ከማለታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

«በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ከዘጋሁ ደህና ነኝ።»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። ደሴ ብርድ ናት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሌባ ተፈርቶ ሁሉ ነገር ይዘጋል፣ የከሰል ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከቀላው ፍም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ። ከሰል ይዞ መተኛት በፍጹም አይገባም፤ ብርድ ልብስ ይደረብ። ጄኔሬተርም በረንዳ ላይም ቢሆን መስኮት ሥር አይነሳ።

የመስኮቱ ብረትም እሳት ሲነሳ እናንተኑ ይዞ ያስቀራል። ቢያንስ አንዱ ብረት ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉ ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ ልጆች ግን የሚያውቁት ቦታ ይንጠልጠል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከቤታቸው ድንገት የወጡ ሰዎች የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና የቤት ካርታ ለማስተካከል ምን ያህል እንደተንገላቱ ብዙዎቻችን እናውቃለን። እነዚህ በአንድ ውኃ በማያስገባ ቦርሳ፣ ከእጅ ባትሪና ከመድኃኒት ጋር፣ በር አጠገብ ይቀመጡ።

«ካሜራ ካለ ዘበኛና ጎረቤት ምን ያደርጋል?»

ካሜራ ይቀርጻል እንጂ ሮጦ አይደርስም። የሚደርሰው አጥር የሚጋራችሁ ሰው ነው። እድሩ ሲሰበሰብ የሰፈሩን ስልክ ቁጥሮች ተለዋወጡ፣ ሌሊት ማን ለማን እንደሚደውል ተነጋገሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ማን እንደሚያይ ወስኑ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ሁለቱንም የአካባቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ ታክሎበት በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋልና።