የጤና ተቋማት ጽዳትና የበረኪና አጠቃቀም በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ከመንዝ ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሐሩር የሚወርድ ዞን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ጽዳት ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው፤ የሥራው ዋነኛ ኬሚካል በረኪና ሙቀት አይወድምና።

ጽዳት እንደ ሕክምና አካል የታየው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ጤና ተቋም ንቅናቄ፣ በሠራተኛው አጠራር «ካሽ»፣ የጽዳት ሠራተኛውን ሊሰጠው ወደሚገባው ቦታ አቅርቦታል።

አሲኔቶባክተርና ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። ስለዚህ ከወለሉ ይልቅ እጅ የሚበዛበት ይቀድማል፤ የአልጋ ጠርዝ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ። ወለል በየዕለቱ በበረኪና መወልወል አለበት ወይስ ሳሙና ይበቃዋል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ለማዋለጃና ለኦፕራሲዮን ክፍል ግን ክርክር የለም፤ ፀረ ተህዋስያን የግድ ነው።

ሥራው ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ስለሚያስነሳ አይፈቀድም። ሦስት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለሳሙና ውኃ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ለበረኪና። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባል። ደምና አፈር በበረኪናው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ስለሚበሉት ሳይታጠብ የተቀባ በረኪና ሽታውን ብቻ ትቶ ይሄዳል። ሳሙናና በረኪና በአንድ ባልዲ አይደባለቁም፤ አሲድ ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ከተጨመረ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

በገበያ የሚገኘው በረኪና ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው። ደም ለነካው ዕቃ የሚያስፈልገውን 0.5 በመቶ ለማግኘት አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ነው፤ ለ20 ሊትር ባልዲ 2 ሊትር በ18 ሊትር ማለት ነው። ደም ለሌለበት ዕቃ 0.1 በመቶ ይበቃል፤ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና ወደ 10 ሊትር ይሞላል። መጠኑ የሚወጣው የጠርሙሱን መቶኛ ለሚፈለገው አካፍሎ ከውጤቱ አንድ በመቀነስ ነው። ጠርሙሱ 4 በመቶ ቢል፣ 0.5 በመቶ ለማግኘት ለአንድ እጅ በረኪና ሰባት እጅ ውኃ ይሆናል። ዱቄት ክሎሪን 70 በመቶ ከሆነ ለዚሁ 0.5 በመቶ በአንድ ሊትር 7 ግራም ይበቃል።

እዚህ ላይ የአየሩ ጉዳይ ይመጣል። በቆላው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለወራት የተቀመጠ ጀሪካን ላዩ 5 በመቶ ቢልም ውስጡ ወደ 2.5 ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በዘጠኝ እጅ ሲቀላቀል የሚገኘው 0.25 ብቻ ነው። ሽታው ስላለ ማንም አይጠረጥርም። ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ጥቁር ወይም ፀሐይ የማያሳልፍ ዕቃ፣ ቀን የተጻፈበት ክዳን መፍትሔዎቹ ናቸው። የተበረዘው በየቀኑ ይደፋል። በደጋው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጠዋት ውኃው እጅ ሲያቃጥል ሙቅ ውኃ የመጨመር ፈተና ይመጣል። ሙቅ ውኃ ለሳሙናው ባልዲ ነው፤ በረኪና ላይ ሲደረግ ክሎሪኑን ያባርረዋል።

ደም ሲፈስ ወፍራም ጓንት፣ ሽርጥና ቦቲ ይለበሳል፤ በሚመጥ ጨርቅ ይነሣል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ 0.5 በመቶው ፈስሶ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ብረት ከዚያ በኋላ በውኃ ካልተጠረገ ይዝጋል። ብዙ ሽንት በፈሰሰበት ላይ በረኪና በቀጥታ አይደፋም፣ ጋዝ ስላለው፤ መጀመሪያ ሽንቱ ይነሣል።

መሣሪያዎችን ከማጠብ በፊት በ0.5 በመቶ መዘፍዘፍ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተማርነው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አይመክረውም፣ መሣሪያን ያበላሻልና። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የተስፋፋው በሰውና በክፍል ላይ ክሎሪን መርጨትም ተቀባይነት የለውም፤ መርጨት ጨርቅን አይተካም።