ምስልና ሐውልት በአይሁድ ሕግ

የአይሁድ ሕግ ሥዕልንም ሐውልትንም ጨርሶ ይከለክላል የሚል አስተያየት በብዙ ቦታ ይሰማል። ስሕተት ነው። ሕጉ ምስሉን ማን እንደ ሠራው፣ ለምን እንደ ሠራው፣ በማን እጅ እንደሚገኝ፣ ከገጹ ወጣ ብሎ ይቀረጽ ወይስ ወደ ውስጥ ይፈልፈል ሳይቀር እየጠየቀ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ ይሰጣል።

መነሻው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 «የተቀረጸውንም ምስል ለአንተ አታድርግ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ «አትስገድላቸው» የሚለውም ወዲያው ይከተላል። በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች አልፎ ግን በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት የወርቅ ኪሩቤል እንዲሠሩ ታዝዟል። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብም የተሠራው በትእዛዝ ነበር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ የሰባበረው ሕዝቡ ያጥንለት ስለ ጀመረ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ መሥራትን፣ ይዞ መገኘትንና ማምለክን ለየብቻ መመርመር ነበረባቸው።

ስለ መሥራት በግልጽ ከጻፉት አንዱ በ12ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረው የአይሁድ ሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ ነው። በእርሱ አገላለጽ የሰውን ቅርጽ ከገጹ ወጣ አድርጎ መቅረጽ ለጌጥ ብቻ እንኳ ቢሆን አይፈቀድም፤ በቀለም መሳል ግን ይፈቀዳል። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ከዋክብትና መላእክት በጠፍጣፋ ሥዕልም ቢሆን ክልክል ናቸው። እንስሳትና ዕፅዋት ተቀርጸው ቢቆሙም ችግር የለባቸውም። የሕጉ ጥንቃቄ በደንብ የሚታየው በማኅተም ቀለበት ላይ ነው። የሰው ምስል ወጣ ብሎ የተቀረጸበትን ቀለበት ማጥለቅ ክልክል ሲሆን በእርሱ ማተም ግን ይቻላል፤ ሰሙ ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ ምስል ነውና። ምስሉ ወደ ውስጥ የተፈለፈለ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱን ማጥለቅ ይቻላል፣ ማተም ግን አይቻልም፤ ማኅተሙ ሰሙ ላይ ወጣ ያለ የሰው ቅርጽ ይፈጥራልና።

ለትምህርት የሚሠራ ምስልም የራሱ ቦታ አለው። የጥንቱ የአይሁድ መምህር ራባን ገማልያል በሰገነቱ የጨረቃን ቅርጾች በሰሌዳ ላይ አኑሮ፣ አዲስ ጨረቃ አየን ብለው የሚመጡትን ምስክሮች «ያያችሁት እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። የሊቃውንቱ የሕግ ክርክሮች የተሰበሰቡበት ተልሙድ ይህ እንዴት ተፈቀደ ብሎ ሲከራከር ከሚያቀርባቸው መልሶች አንዱ ለማወቅና ለማሳወቅ የተሠራ መሆኑን ነው።

ይዞ መገኘትን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ «ይመለካል ወይ?» የሚለው ነው። የተልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ መድብል በሚሽና ራቢ ሜኢር ሐውልትን ሁሉ ሲከለክል፣ ሌሎቹ ጠቢባን ግን በእጁ በትር፣ ወፍ ወይም ሉል የያዘውን ብቻ ከለከሉ። ጣዖት የነበረ ምስል እንኳ ከጣዖትነቱ ሊሻር ይችላል፤ ያመልከው የነበረው አሕዛባዊ የጆሮውን ጫፍ፣ የአፍንጫውን ጫፍ ወይም የጣቱን ጫፍ ከቆረጠው ተሽሯል ማለት ነው። ቢተፋበት ወይም መሬት ለመሬት ቢጎትተው ግን አልተሻረም። አይሁዳዊ ራሱ ያመለከው ጣዖት ፈጽሞ አይሻርም።

ከዚሁ የሚሽና ክፍል እኔ የምወደው በዓኮ ከተማ የተደረገውን የመታጠቢያ ቤት ክርክር ነው። ራባን ገማልያል የግሪኮች አምላክ የአፍሮዲጤ ሐውልት በቆመበት መታጠቢያ ሲታጠብ ፕሮክሎስ የተባለ ሰው እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ ይለዋል። ገማልያል በመታጠቢያ ውስጥ ስለ ሕግ አይወራም ብሎ ዝም አለና ከወጣ በኋላ መለሰለት፤ እኔ ወደ ክልሏ አልገባሁም፣ እርሷ ወደ ክልሌ መጣች፤ መታጠቢያው ለአፍሮዲጤ ጌጥ አልተሠራም፣ እርሷ ናት ለመታጠቢያው ጌጥ የሆነችው። ሰው በሚያመልካት ጣዖት ፊት ራቁቱን ቆሞ አይሸናም ሲልም አከለበት።

ኑሮው ከመጻሕፍቱ ይልቅ ላላ ያለበት ጊዜ ነበር። በሶርያ የዱራ ኤውሮጶስ ምኩራብ ግድግዳዎች በ3ኛው መቶ ዘመን በሰው ምስል የተሞሉ ነበሩ። በገሊላ አቅራቢያ ባለው በ6ኛው መቶ ዘመኑ የቤት አልፋ ምኩራብ ወለል ላይም ፀሐይ በሠረገላ ተቀምጣ፣ 12ቱ የከዋክብት ምድቦች ከበዋት ይታያሉ። በተቃራኒው በ12ኛው መቶ ዘመን የማይንዙ ራቢ ኤልያቂም የተፈቀዱትን እንስሳት እንኳ አልታገሠም፤ ከኮሎኝ ምኩራብ መስኮቶች ላይ የአንበሳና የእባብ ምስል እንዲነሣ አዘዘ። የሚጸልይ ሰው ለምስሉ የሚሰግድ እንዳይመስል ሰግቶ ነው። ዛሬ ግን የኦሪት ጥቅልል በሚቀመጥበት ሣጥን ላይ ጥንድ አንበሳ ማየት የተለመደ ነው።

በ1565 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የታተመው የዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ ሹልሃን አሩክ፣ የተከለከለው የሰው ቅርጽ ሙሉ አካል ያለው ብቻ ነው የሚለውንም አስተያየት መዝግቧል። ለአይሁዳዊ ቀራጺ ይህ ትልቅ በር ከፋች ነው፤ ጭንቅላት ብቻ ወይም ጭንቅላት የሌለው አካል መሥራት ይችላልና። ከዚሁ ተነሥተው የልጆቻቸውን አሻንጉሊት ጆሮ ወይም አፍንጫ የሚሸርፉ ጥንቁቅ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፤ ብዙ ራቢዎች ግን አሻንጉሊትን ማንም አያመልከውም ብለው እንዳለ ይፈቅዳሉ።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ለዘመናት የኖረው በኦሪት እንጂ በተልሙድ አይደለም፤ ስለ ወጣ ያለና ስለ ተፈለፈለ ምስል የተደረገው ክርክርም አልደረሰው። በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የማኅበረሰቡ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ከማሰሮውና ከምጣዱ ጎን ለመንገደኛ የሚሸጡ ትንንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎችን ይሠሩ ነበር፤ ሙያው ከእነርሱ ጋር ወደ እስራኤል ተሻግሯል።