ኤ6 ይቅደም ወይስ ኢ6? ስለ ሲሲሊያን መከላከያ የሚወሩ ስህተቶች

መጀመሪያ የቼዝ ሰሌዳውን እንደርድር (ፊደልና ቁጥሩ የካሬው ስም ነው፤ ካሬው ብቻ ሲጠራ የሚሄደው ወታደር ነው)። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ሲ5፤ ሲሲሊያን የሚባለው ይሄ ነው። ፈረስ ኤፍ3፣ ዲ6። ነጭ ዲ4 ሲል ጥቁር በሲ ወታደሩ ይበላል፣ ነጭ በፈረሱ መልሶ ይበላል። ከዚያ የጥቁር ፈረስ ኤፍ6፣ የነጩ ሲ3። 5ኛው ተራ የጥቁር ነው፤ ጭቅጭቁም እዚህ ይጀምራል።

«ኤ6ንም ኢ6ንም መጫወቴ ካልቀረ የትኛውም ቢቀድም ያው ነው።»

ያው አይደለም። እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ስንት ጨዋታ አስበልቻለሁ። ኢ6ን ካስቀደማችሁ ነጭ ወዲያው ጂ4 ብሎ ይመጣባችኋል፤ በኢስቶኒያዊው ፖል ኬሬስ ስም የሚጠራው ጥቃት ነው። ወታደሩ ቀጥሎ ጂ5 ገብቶ ፈረሳችሁን ያባርራል፣ ንጉሣችሁን የት እንደምታስቀምጡ ይጨንቃችኋል። ኤ6 ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ጂ4 በነጻ የሚበላ ወታደር ነው፦ ፈረሳችሁ ይበላዋል፣ የነጭ ንግሥት ፈረሱን ብትበላ ደግሞ ሲ8 ላይ የቆመው ጳጳሳችሁ እሷኑ ይወስዳታል። ኢ6 ስትሉ የዚያን ጳጳስ መንገድ በገዛ እጃችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው።

ታላቁ የቼዝ ተጫዋች ካስፓሮቭም ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወቅቱ ሻምፒዮን ካርፖቭ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም፣ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ይሄው ጂ4 መጣበት፤ አቻ ወጡ። በ1985 ዘውዱን ያስገኘለት 24ኛው ጨዋታ ላይ ኤ6 ብሎ ጠበቀ፣ ካርፖቭ ጳጳሱን ኢ2 ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው ኢ6 ያለው። (በድሮው የእኛ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ቢሆን ጣጣ የለውም፤ ወረራ በሚባለው መክፈቻ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ነው የሚያንቀሳቅሱት።)

«ኤ6 ጊዜ ማባከን ነው።»

ጥቁር የሚመኘው ኢ5 ብሎ የመሀሉን ፈረስ ማባረር ነው። ኤ6 ሳይኖር ኢ5 ካላችሁ የነጭ ጳጳስ ቢ5 ላይ ሆኖ ቼክ ይላል (ንጉሣችሁን ያስፈራራል)፣ በጳጳስ ስትከልሉ ይለዋወጣችኋል፣ ያባረራችሁት የመሰላችሁ ፈረስ ኤፍ5 ላይ ዘሎ ቁጭ። ኤ6 ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ ወታደር ቢ5ን ለጳጳሱም ለፈረሱም ትዘጋለች።

«እንግዲያው ኤ6ን በ4ኛው ተራ ላይ ልጫወተው።»

ቸኮላችሁ። ፈረሳችሁ ኤፍ6 ወጥቶ ኢ4ን ሲያስፈራራ ነው ነጭ ሲ3 ላይ ፈረስ አቁሞ የራሱን የሲ ወታደር የሚያግደው። ካላስፈራራችሁት ሲ4 ብሎ ዲ5ን ይቆልፍባችሁና ጨዋታው በሙሉ እየታፈናችሁ ያልቃል።

«ናይዶርፍን (በ5ኛው ተራ ኤ6 የሚባልበትን ስልት) ካጠናሁ ይበቃኛል።»

ነጭ እዚያ ድረስ አብሯችሁ ላይመጣ ይችላል። በ3ኛው ተራ ጳጳሱን ቢ5 አድርጎ ቼክ ካለ ያጠናችሁት ሁሉ እዚያው ቀረ። በእርግጥ 2ኛው ላይ ከዲ6 ይልቅ ኢ6 ብትሉ ያ ቼክ አይኖርም፤ ካስፓሮቭም በ1984ቱ ጨዋታ የገባው በዚያ በር ነበር።