«ወንድሜ ስኳትህ ልክ አይደለም»፦ ፓወርሊፍተሮችና ኦሎምፒክ ሊፍተሮች እርስ በርስ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ፓወርሊፍቲንግ ማለት ስኳት (ባር፣ ማለትም የብረት ዘንግ፣ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) እና ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ነው። ኦሎምፒክ ሊፍቲንግ ደግሞ ስናች እና ክሊን ኤንድ ጀርክ ነው፣ ባሩን ከመሬት አንስቶ ከራስ በላይ ማቆም ማለት ነው፣ ስናች ላይ በአንድ ጊዜ፣ ሌላው ላይ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ትከሻ (ክሊን)፣ ከዛ ወደ ላይ (ጀርክ)። ሁለቱም ባርና ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) ስለሚይዙ ነው መሰለኝ አንዱ ሌላው ሲሰራ ካየ አላስችል ይለውና «አንዴ ላሳይህ» ብሎ ይመጣል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ክፋት የለውም፣ ግን ምክሩ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ፎርም (የአሰራር አቋም) የሚመጣው ስፖርቱ ከሚጠይቀው ነገር ነው፣ የሚጠይቀው ከተለየ ፎርሙም ይለያል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ስኳት ላይ አታጎንብስ፣ ቀጥ በል»

ይሄን የሚለው ኦሎምፒክ ሊፍተሩ ነው። ፓወርሊፍተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሩን ዝቅ አድርጎ ከትከሻው ኋላ ነው የሚያስቀምጠው፣ ባሩ ደግሞ ከእግሩ መሀል በላይ መቆየት ስላለበት ደረቱን ወደ ፊት ማዘንበል ግዴታው ነው፣ ቀጥ ካለ ወደ ኋላ ይወድቃል። እንደዛ ሲሰራ ሸክሙ በብዛት ወደ ዳሌው ይሄዳል፣ ለብዙ ሰው ደግሞ ብዙ ኪሎ የሚነሳው በዚህ ነው። ህጉ የሚጠይቀው የዳሌው እጥፋት ከጉልበቱ አናት በታች እንዲወርድ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ቢወርድ ነጥብ አይጨመርለትም።

በተቃራኒው ፓወርሊፍተሩ «እስከ መሬት አትውረድ፣ ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ፣ ጉልበትህ ከእግርህ ጣት አይለፍ» ይላል። ለኦሎምፒክ ሊፍተር ስኳት ውድድር አይደለም፣ ልምምድ ነው፣ ስናችም ክሊንም ላይ ባሩን የሚቀበለው ቁጢጥ ብሎ ስለሆነ ከዛ ጥልቀት መነሳት ካልለመደ አበቃለት። ጉልበት ከጣት አይለፍ የሚባለው ነገር ደግሞ በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣ ጥናት ላይ ተፈትሾ ነበር፣ ጉልበታቸው ወደ ፊት እንዳይሄድ ሲታገዱ ጉልበታቸው ላይ ያለው ጫና በተወሰነ ደረጃ ቀነሰ፣ ዳሌና ወገብ ላይ ያለው ግን በጣም ጨመረ። ማለትም ሸክሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

«ዴድሊፍት ላይ መቀመጫህን ዝቅ አድርግ»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ክሊን ላይ መቀመጫ ዝቅ የሚለው ባሩ ከመሬት እስከ ጉልበት ሳይቸኩል ተረጋግቶ እንዲመጣና ከዛ ጭን ላይ ሲደርስ በፍጥነት እንዲወረወር ነው። የዴድሊፍት ባር የትም አይወረወርም፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ከቆመ አለቀ። 250 ኪሎ ጭኖ የክሊን አቀማመጥ የሚይዝ ሰው ካያችሁ ቪዲዮ ቀርፃችሁ ቀስ አድርጋችሁ እዩት፣ ባሩ ከመሬት ንቅንቅ ሳይል መጀመሪያ መቀመጫው ብቻውን ከፍ ይላል፣ ክብደቱ የሚላቀቀው መቀመጫው ድሮም መሆን የነበረበት ቦታ ሲደርስ ነው። ዝቅ ማለቱ ምንም አልጠቀመውም ማለት ነው። የዴድሊፍት አነሳስ ይዞ ክሊን የሚሰራው ደግሞ ባሩ ወደ ፊት ይሄድበትና ሮጦ ሊይዘው ይሞክራል።

አያያዙም እንደዛው ነው። አንዱን መዳፍ ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ አድርጎ መያዝ ዴድሊፍት ላይ ይሰራል፣ ስናች ላይ ግን ባሩን ከራስ በላይ ልትገለብጠው ስለማትችል አይታሰብም፣ ኦሎምፒክ ሊፍተሮች አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ስር ቀብረው የሚይዙት ለዛ ነው። ያማል፣ ግን ይለመዳል።

«ባሩን ለምን ትለቀዋለህ፣ ስነ ስርዓት የለህም»

ኦሎምፒክ ሊፍተሩ ዳኛው «አውርድ» ካለው በኋላ ባሩን ይለቀዋል፣ ፕሌቶቹ የጎማ የሆኑት ለዛ ነው፣ 150 ኪሎ ከራስ በላይ ይዞ ቀስ ብለህ አውርድ ማለት ራስህን ጉዳ ማለት ነው። ፓወርሊፍተሩ ግን ዴድሊፍቱን በሁለት እጁ ተቆጣጥሮ ካላወረደ ቀይ መብራት ይበራበታል፣ አልተቆጠረለትም ማለት ነው። ሁለቱም ህጋቸውን ነው የሚለማመዱት።

«ቤንች ላይ ጀርባን ማጉበጥ ማጭበርበር ነው»

እዚህ ላይ ኦሎምፒክ ሊፍተሮች ትንሽ ታሪካቸውን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። እስከ 1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ድረስ እነሱም ፕሬስ የሚባል ሦስተኛ ውድድር ነበራቸው፣ ከትከሻ ወደ ላይ በእጅ ብቻ መግፋት፣ እና አንሺዎቹ ወደ ኋላ ከመለመጣቸው ብዛት ዳኞች መዳኘት አቅቷቸው ከሙኒክ በኋላ ተሰረዘ። የሚገርመው የዓለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን የተመሰረተውም በዛው በ1972 ነው። ጀርባ ማጉበጥ ትከሻን ያረጋጋል፣ ባሩ የሚሄደውን ርቀትም ያሳጥራል፣ የተፈቀደ ነገር ነው። ርቀቱ እጅግ ያጠረበትን ነገር ለመገደብ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ከ2023 ጀምሮ ባሩ ደረት ላይ ሲያርፍ ክርን ቢያንስ ከትከሻ መገጣጠሚያው አናት ጋር እኩል ይውረድ የሚል ህግ አውጥቷል። ህጉን ያሟላ ሰው አላጭበረበረም፣ በቃ።

«እነሱ ቴክኒክ ብቻ ናቸው» እና «እነሱ ዘገምተኛ ናቸው»

የመጀመሪያውን ፓወርሊፍተሩ ነው የሚለው፣ ሁለተኛውን ኦሎምፒክ ሊፍተሩ። ሁለት የ60 ኪሎ ምድብ ሰዎች ልጥቀስ። ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988 ሴኡል ላይ ለቱርክ ሲወዳደር 190 ኪሎ ክሊን ኤንድ ጀርክ ሰራ፣ ከራሱ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ከራሱ በላይ አቆመ ማለት ነው። አሜሪካዊው ላማር ጋንት ደግሞ በ1985 የጀርባ አጥንቱ የተጣመመ ሆኖ 300 ኪሎ ዴድሊፍት አነሳ፣ አምስት እጥፍ። ከሁለቱ የትኛውን ነው ጉልበት የለውም የምትሉት? ዘገምተኛ ለሚሉት ደግሞ ሼን ሃማን አለ፣ ከ450 ኪሎ በላይ ስኳት የሰራ ፓወርሊፍተር ነበር፣ ከዛ ስፖርት ቀይሮ በ2000 ሲድኒና በ2004 አቴንስ ላይ ለአሜሪካ በኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት ተወዳደረ።

«ፓወርሊፍቲንግ ኦሎምፒክ ላይ አለ»

የለም። ፓራሊምፒክ ላይ ነው ያለው፣ እሱም ቤንች ፕሬስ ብቻ። ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን በ2016 ሪዮ ላይ 310 ኪሎ ገፍቷል።

«የእናንተ ስፖርት ሰውን ሰባብሮ ይጥላል»

ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በ1,000 የልምምድ ሰዓት ኦሎምፒክ ሊፍቲንግ ላይ ከ2.4 እስከ 3.3፣ ፓወርሊፍቲንግ ላይ ከ1.0 እስከ 4.4 ጉዳት ነው የተገኘው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን በዚህ የሚያስፈራራበት ምክንያት የለም።

«ምክር መስጠት ሁሌም መልካም ነው» / «ፈጽሞ አይሰጥም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያልተጠየቀ ምክር በብዛት የሚወርደው ሴቶች ላይ ነው፣ ለውድድር የምትዘጋጅ እህታችንን ሦስት ወር የሰራ ልጅ ሲያርማት ማየት ያናድደኛል፣ ሴቶች እኮ ከ2000 ጀምሮ በኦሎምፒክ ክብደት የሚያነሱ ናቸው። ምክር ካላችሁ መጀመሪያ «ለምንድን ነው የምትለማመጂው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እሱም በአንዱ ዙርና በሌላው መሀል እረፍት ላይ፣ ባር ተሸክማ ሳለ አይደለም።

አደጋ ካያችሁ ግን ይሉኝታ አያስፈልግም። ብቻውን ያለ ረዳት ከባድ ቤንች የሚሰራ፣ አውራ ጣቱን ባሩ ላይ ሳይጠመጥም የያዘ፣ ፕሌቶቹንም በክሊፕ (እንዳይንሸራተቱ በሚይዝ ማሰሪያ) ያሰረ ሰው ካያችሁ ወዲያው ሂዱና ከራስጌው ቁሙለት። ባሩ ከእጁ ካመለጠ የሚያርፈው ደረቱ ወይም አንገቱ ላይ ነው፣ ክሊፕ ስላለበትም ወደ ጎን አዘንብሎ ፕሌቱን ማራገፍ አይችልም።