«የሃምፍሪ ኑዛዜ አስፈጻሚ» ምንድን ነው?

ስሙን ሲሰሙት የወንድማማቾች የውርስ ክርክር ይመስላል። ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነጻ ተቋማትን ኃላፊዎች እንዳሻው ማባረር ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር የሚጠራው መዝገብ ይኸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«አስፈጻሚ» የሚለው ቃል እንዳያደናግራችሁ። የመንግሥት አስፈጻሚ አካል ማለት አይደለም። የሟች ኑዛዜ አስፈጻሚ ነው፤ እኛ አገር ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ሰው። ሟቹ ዊልያም ሃምፍሪ ነው። ከሳሹ ራትበን የሚባል ኑዛዜ አስፈጻሚው፣ ተከሳሹ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት። የተጠየቀውስ? ያልተከፈለ የአራት ወር ደመወዝ።

ሃምፍሪ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አባል ነበር። በአጭሩ ኤፍቲሲ የሚሉት መሥሪያ ቤት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። እራት ላይ እየደወለ «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» የሚል ሰው ሲያሰለቻችሁ፣ ቁጥራችሁን የምታስገቡበትን «አትደውሉልኝ» መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። (ስልኩ መጮኹን ማቆም አለማቆሙ ሌላ ጉዳይ ነው።) ኮንግረስ በ1914 ሲያቋቁመው አምስት ኮሚሽነሮች እንዲኖሩት አደረገ። ከመካከላቸው ከሦስት በላይ የአንድ ፓርቲ ሰው አይሆንም። የሥራ ዘመናቸው ሰባት ዓመት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሊያነሳቸው የሚችለው ሥራው ካቃታቸው፣ ቸል ካሉ ወይም በሥልጣናቸው ከባለጉ ነው።

ሃምፍሪ ሪፐብሊካን ነበር፤ ለነጋዴው የሚያደላ። በ1931 ፕሬዚዳንት ሁቨር እንደገና ሾመው። በ1933 ዲሞክራቱ ሩዝቬልት መጣ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ኢኮኖሚውን ከሥር ጀምሮ ሊለውጥ ተነስቷል፤ ይህ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞበታል። በጁላይ መልቀቂያ እንዲያስገባ ጻፈለት። በኦገስት ደግሞ ጻፈ፤ በኮሚሽኑ ሥራ ላይ የእርስዎና የእኔ አእምሮ አብሮ የሚሄድ አይመስለኝም አለው። ልብ በሉ፣ ሰነፍ ነዎት አላለውም፤ ሰርቀዋልም አላለውም። ሐሳባችን አልገጠመም ነው ያለው። ሃምፍሪ አሻፈረኝ አለ። በኦክቶበር 7 ተባረረ። እሱ ግን «አሁንም ኮሚሽነር ነኝ» እንዳለ በፌብሩዋሪ 1934 ሞተ።

እዚህ ላይ ሹም ሽር የሚለው ቃላችን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ሹመቱ ይናገራል፦ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ስለ ሽረቱ ግን፣ በኮንግረስ ተከስሶ ከመነሳት በቀር፣ ትንፍሽ አይልም። ታዲያ የሾመ ሁሉ ይሽራል? በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የፖስታ ቤት ኃላፊ ጉዳይ «አዎ» ብሎ ነበር። ያንን ፍርድ የጻፈው ዋና ዳኛ ታፍት ራሱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። የሩዝቬልት መንግሥትም ያንን ፍርድ ይዞ ነው ወደ ክርክሩ የገባው።

ተሸነፈ። ሜይ 27፣ 1935 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ፖስታ ቤቱ የፕሬዚዳንቱ እጅ ነው፤ ይህ ኮሚሽን ግን ደንብ በማውጣት የሕግ አውጪን፣ ክርክር ሰምቶ በመወሰን የዳኛን ሥራ የሚመስል ነገር ይሠራል አሉ። ዳኛ ሰዘርላንድ ያስቀመጠው ምክንያት ማንኛውም ደመወዝተኛ የሚገባው ነው፦ በሌላው መልካም ፈቃድ ብቻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ያንኑ ሰው ተቋቁሞ ነጻ ይሆናል ተብሎ አይታመንም። ኑዛዜ አስፈጻሚው ወደ 3,000 ዶላር ለሚጠጋ ገንዘብ ነበር የመጣው። ነጻ የሚባሉት የአሜሪካ ተቋማት ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ፍርድ ላይ ተደግፈው ኖሩ።

ድጋፉ ከጊዜ በኋላ መሸርሸር ጀመረ። በ2020 ፍርድ ቤቱ የሸማቾችን ገንዘብ የሚጠብቀውን ቢሮ አይቶ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚመራው ተቋም ከሆነ ፕሬዚዳንቱ ኃላፊውን ማባረር ይችላል አለ። በ2021 የቤት ብድር ተቆጣጣሪውንም እዚያው ላይ ጨመረው። ለሃምፍሪ ፍርድ የቀሩለት በቦርድ የሚመሩት ተቋማት ነበሩ።

ከዚያ በማርች 2025 ታሪኩ ወደ ኤፍቲሲ ራሱ ተመልሶ መጣ። ትራምፕ ዲሞክራቷን ኮሚሽነር ርብቃ ስሎተርን አባረሩ። ዘመኗ እስከ 2029 ነበር። በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የሾሟት ደግሞ ራሳቸው ትራምፕ ናቸው። የማባረሪያ ደብዳቤው መቀጠሏ ከአስተዳደሬ ቅድሚያ ጉዳዮች ጋር አይሄድም ይላል። ከ92 ዓመት በፊት ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ፓርቲዎቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ፣ ከሌሎች ሁለት ቦርዶች ለተባረሩ አባላት በተነሳ ክርክር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መባረሩ ለጊዜው ይጽና ብሎ ነበር። ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ ማዕከላዊ ባንኩ ልዩ ነው፣ ይህ እሱን አይመለከትም። ምክንያቱ አፈጣጠሩና ታሪኩ ነው ተባለ። እኔ ግን፣ ከሕጉ ይልቅ የገበያው ድንጋጤ የወለደው ይመስለኛል። ወለድ ላይ ማን ይቀልዳል?

ስሎተርም መባረሯን ተቃውማ ከስሳ ነበር፤ ጉዳይዋን ለመስማት ሲስማሙ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ለተከራካሪዎቹ ሁለት ጥያቄ ሰጡ። የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነበር፦ የሃምፍሪ ፍርድ ይሻር? እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነው። ለመሆኑ ፍርድ ቤት አንድን ሹም ከወንበሩ እንዳይነሳ መከልከል ይችላል? የመንግሥት ጠበቆች አይችልም ባይ ነበሩ፤ መባረሩ ሕገ ወጥ እንኳ ቢሆን ዳኛ ሰውን ወደ ወንበሩ አይመልስም ብለው ተከራክረዋል።

ሰዘርላንድ ይህን መመለስ አላስፈለገውም። ሃምፍሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ራትበንም የጠየቀው ደመወዙን ብቻ ነበር።