ዶሞዶሶላ፦ የሁለት አገር ባቡሮች የሚገናኙበት ጣቢያ

ዶሞዶሶላ በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል ጫፍ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ሃያ ሺህ አይሞላም። ከሚላን ወደ ሰሜን ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን የማያውቅ ጣሊያናዊ ግን የለም ማለት ይቻላል። ጣሊያኖች በስልክ ስማቸውን ፊደል በፊደል ሲያስጽፉ፣ ለ«ዲ» የሚጠሩት የዚችን ከተማ ስም ነው። ባቡር ለሚወድ ሰው ደግሞ ከተማዋ ማለት ጣቢያዋ ነው።

ጣቢያው ለከተማዋ ልክ የተሠራ አይመስልም፤ በጣም ሰፊ ነው። ምክንያቱ ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ተራራው ውስጥ ነው። የሲምፕሎን ዋሻ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን በባቡር ያገናኛል። በካርታ ላይ የሁለቱ አገሮች ድንበር የሚያልፈው ከዋሻው መሐል በላይ ነው። በባቡር ሥራ ግን ድንበሩ ዶሞዶሶላ ነው። የአንዱ አገር ኤሌክትሪክ አልቆ የሌላው የሚጀምረው፣ ሠራተኛው የሚቀያየረው፣ ጉምሩኩ የሚቆመው እዚህ ነው። የጣቢያው ታሪክም ሆነ አሠራር የሚገባን ይህን ስንይዝ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡር ከመምጣቱ በፊትም ዶሞዶሶላ የመንገደኛ ከተማ ነበረች። ናፖሊዮን ሠራዊቱንና መድፉን ከአልፕስ ወዲህ ለማሻገር ከ1800 እስከ 1805 ሲምፕሎን በተባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ጥሩ መንገድ አሠርቷል። በጋሪ ተራራውን ተሻግሮ የመጣ ሰው የሚያርፈው እዚህ ነበር። የባቡር ሐዲድ ከኖቫራ ከተማ በኦርታ ሐይቅ በኩል እዚህ የደረሰው በ1888 ነው። ያኔ ሐዲዱ መጨረሻው ይህ ነበር፤ ከፊቱ ተራራ ቆሞ ነበር።

ሁለቱ መንግሥታት ዋሻውን ለማስቆፈር በ1895 ተዋዋሉ፤ ቁፋሮው በ1898 ተጀመረ። ከሰሜን በስዊዘርላንዷ ብሪግ፣ ከደቡብ በጣሊያኗ ኢዜሌ በኩል ሁለት ቡድኖች ወደ መሐል ይቆፍሩ ጀመር። የሥራው አመራር በአልፍሬድ ብራንት እጅ ነበር። ብራንት በውሃ ግፊት የሚሠራ የድንጋይ መሰርሰሪያ የፈለሰፈ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1899፣ ሞተ።

ዘዴው ብልህነት ያለበት ነበር። አንድ ሰፊ ዋሻ ብቻ አልቆፈሩም። ከጎኑ 17 ሜትር ርቆ ሌላ ጠባብ ዋሻ አብሮ ይቆፈር ነበር፤ ሁለቱን ደግሞ በየ200 ሜትሩ መተላለፊያ ያገናኛቸዋል። ጠባቡ ንጹሕ አየር ያስገባል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ዕቃ ያመላልሳል። በኋላ እሱው ሰፍቶ ሁለተኛው የባቡር መስመር ሆነ።

ውስጡ ግን ሲኦል ነበር። የድንጋዩ ሙቀት እስከ 55 ዲግሪ ደርሷል። ፍል ውሃ ከግድግዳው እየፈነዳ ይወጣ ነበር፤ ሠራተኞቹ መሥራት የሚችሉት ቀዝቃዛ ውሃ እየተረጨ ነው። አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከደሃ የገጠር ቤት የመጡ። ቤተሰባቸውን ይዘው ከዋሻው አፍ አጠገብ ይሰፍሩ ነበር። በአደጋ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በጢስና በአቧራ ሳንባው ተጎድቶ አገሩ ገብቶ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ዛሬ ባቡሩ ያንን ተራራ በደቂቃዎች ያልፈዋል። መንገደኛው እነዚያን ሰዎች ቢያስባቸው እወዳለሁ።

የካቲት 24 ቀን 1905 ሁለቱ ቡድኖች መሐል ላይ ተገናኙ። ግንቦት 19 ቀን 1906 የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤለ ሣልሳዊና የስዊዘርላንዱ ፕሬዚዳንት በተገኙበት ዋሻው ተመረቀ። የሚላን ከተማ በዚያው ዓመት ያዘጋጀችው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ለዚሁ ዋሻ መከፈት ክብር ነበር። የዋሻው ርዝመት 19,803 ሜትር ነው። ጃፓኖች በ1982 የሚበልጠውን እስኪከፍቱ ድረስ በዓለም ረጅሙ የተራራ ባቡር ዋሻ ነበር። ጎን ለጎን የተሠራው ሁለተኛው ዋሻ በ1921 አለቀ።

የዛሬው ጣቢያ የዚህ ሥራ ልጅ ነው። በዚያው ሰሞን በማጆሬ ሐይቅ ዳር፣ በስትሬዛ በኩል ወደ ሚላን የሚወስደው አዲስ መስመርም ተከፈተ። ዶሞዶሶላ ከሐዲድ መጨረሻነት ወደ ዓለም አቀፍ መተላለፊያነት ተለወጠች። «ለምን ትልቁ ጣቢያ ዋሻው አፍ ላይ፣ ኢዜሌ ላይ አልተሠራም?» የሚል ሰው ቦታውን ቢያይ መልሱን ያገኘዋል። ኢዜሌ ሁለት ገደል መሐል የተወሸቀች ጠባብ ሸለቆ ናት። ብዙ ሐዲድ የሚዘረጋበት ሜዳ የተገኘው ታች፣ ዶሞዶሶላ ነው።

ከኢዜሌ እስከ ዶሞዶሶላ ያለው 19 ኪሎ ሜትር ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ሐዲዱ በዚህ አጭር ርቀት 350 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱን ለማለዘብ መሐንዲሶቹ ቫርዞ አጠገብ ተራራው ውስጥ ክብ ዋሻ ሠሩ። ባቡሩ ወደ 3 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በዚህ ዋሻ ተራራው ውስጥ ዞሮ፣ ከገባበት ዝቅ ብሎ ይወጣል። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ዋሻው ውስጥ አቅጣጫው ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ጣቢያው ግቢ እንግባ። ዋናው ሕንጻ ረጅምና ግርማ ያለው ነው፤ ከሐዲዶቹ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ቆሟል። በአንድ በኩል ፊቱ ወደ ከተማው፣ ወደ ፒያሳ ማቴዮቲ ነው። በሌላ በኩል የመጀመሪያው መድረክ አለ። ወደ ሌሎቹ መድረኮች የሚሻገሩት ከሐዲዱ በታች ባለ መተላለፊያ ነው። ሕንጻው ይህን ያህል የሰፋው ለትኬት መስኮት ሲባል አይደለም። ጉምሩክ፣ የድንበር ፖሊስ፣ የሁለት አገር የባቡር ሠራተኞች ቢሮ፣ ሻንጣ የሚፈተሽበት አዳራሽ ሁሉ ቦታ ይፈልግ ነበር። ሰሜን ላይ ያለው ሐዲድ ወደ ኢዜሌና ወደ ዋሻው ይሄዳል። ደቡብ ላይ ያለው ኋላ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኖቫራ፣ አንዱ ወደ ሚላን። በዙሪያው የጭነት ባቡሮች የሚቆሙባቸው ብዙ ሐዲዶች አሉ። ጭነቱ እየበዛ ሲሄድ ግን ግቢው አልበቃ አለ። ስለዚህ ከከተማው በስተደቡብ «ዶሞ 2» የተባለ ሰፊ የጭነት ባቡሮች ማቀናበሪያ ተሠራ።

ዋናው ነገር ያለው ግን ቀና ሲሉ፣ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ነው። የጣሊያን ባቡር እዚህ የሚደርሰው በ3,000 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። የስዊዘርላንዱ በ15,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይሠራል። ሁለቱ አይጣጣሙም። የአንዱ ሎኮሞቲቭ በሌላው ሽቦ ሥር ቢገባ መንቀሳቀስ አይችልም። የሚገርመው፣ የስዊዘርላንዱ ዓይነት ኤሌክትሪክ ዋሻውን ጨርሶ፣ በጣሊያን መሬት ላይ ወርዶ፣ እስከዚህ ጣቢያ መምጣቱ ነው። ይህ የሆነው በ1930 ነው። የሚላኑ መስመር ኤሌክትሪክ ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለብዙ ዘመን ዓለም አቀፍ ባቡር ሁሉ እዚህ ይቆም ነበር። ከስዊዘርላንድ የመጣው ሎኮሞቲቭ ይፈታል፤ የጣሊያኑ ይያያዛል። በመሐሉ ፖሊስ ፓስፖርት ያያል፣ ጉምሩክ ሻንጣ ያስከፍታል። ከ1996 ወዲህ ሁለቱንም ኤሌክትሪክ የሚጠቀሙ ፈጣን ባቡሮች በመስመሩ ላይ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሎኮሞቲቭ ሳይቀየር፣ ትንሽ ቆም ብሎ ማለፍ ተቻለ። የጣቢያው ቡና ቤቶች በዚህ ደንበኛ እንዳጡ እገምታለሁ። መንገደኛው ግን ጊዜ አተረፈ።

በዚህ መድረክ ያለፉ ባቡሮች ስም ራሱ ታሪክ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1919 ጀምሮ፣ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ ከፓሪስ ተነስቶ በሎዛን፣ በዶሞዶሶላ፣ በሚላን፣ በቬኒስ፣ በቤልግሬድ አድርጎ ኢስታንቡል ይደርስ ነበር። አሸናፊዎቹ አገሮች ይህን መንገድ የመረጡት በጀርመንና በኦስትሪያ ላለማለፍ ነው። ያ ውሳኔ ዶሞዶሶላን በአውሮፓ ትልቁ የባቡር ጎዳና ላይ አስቀመጣት።

በጦርነት ጊዜ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ ይነካል። በመስከረም 1944 ፀረ ፋሺስት አርበኞች ዶሞዶሶላንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሶላ ሸለቆ ከጀርመኖችና ከሙሶሊኒ ሰዎች እጅ አስለቀቁ። ኢትዮጵያን ወርሮ የነበረው ያው ሙሶሊኒ ነው። አርበኞቹ ዝም ብለው መሣሪያ ይዘው አልተቀመጡም፤ የሲቪል መንግሥት አቋቋሙ። መሪው ኤቶሬ ቲባልዲ የተባለ ሐኪም ነበር። ጂዜላ ፍሎሬያኒኒ የተባለች ሴት የእርዳታውን ሥራ ያዘች፤ በጣሊያን የሚኒስትርነት ሥልጣን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ተደርጋ ትቆጠራለች። የትምህርት ሥርዓቱን ለማደስ ሳይቀር ተነጋግረዋል። ይህች «የኦሶላ ሪፐብሊክ» የቆየችው 40 ቀን ያህል ብቻ ነው።

ጠላት በጥቅምት ተመልሶ ሲመጣ ማምለጫው ባቡር ነበር። ሺዎች በሲምፕሎን በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሸሹ። ብዙ ሕፃናትም ከእናት አባታቸው ተለይተው ተሳፍረዋል፤ የስዊዘርላንድ ቤተሰቦች ተቀብለው አሳደሯቸው። በሚያዝያ 1945 ደግሞ ጀርመኖች ዋሻውን ለማፍረስ ቫርዞ አጠገብ ብዙ ቶን ፈንጂ አከማችተው ነበር። አርበኞቹ ሌሊት ደርሰው አቃጠሉት። ዋሻው ዛሬ ድረስ ሙሉ ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ በጃኮሞ ማቴዮቲ ስም መጠራቱም ያስደስታል፤ ማቴዮቲ በፓርላማ ፋሺስቶችን አጋልጦ በ1924 የተገደለ እንደራሴ ነው።

ጣቢያው ውስጥ ሌላ ትንሽ ጣቢያ ተደብቋል። ከደረጃው ወደ ምድር ሥር ሲወርዱ አንድ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ይገኛል። ጣሊያኖች ቪጌዚና፣ ስዊዘርላንዶች ቼንቶቫሊ የሚሉት መስመር መነሻ ነው። በ1923 የተከፈተው ይህ መስመር 52 ኪሎ ሜትር ሄዶ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎካርኖ ይገባል። በመንገዱ 83 ድልድይና 31 ዋሻ አለ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መሐል ላይ ያለችው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ድሮ የዚያ ሸለቆ ድሆች ሕፃናት ልጆቻቸውን ሳይቀር ለጭስ ማውጫ ጠረጋ ወደ ትላልቅ ከተሞች ይልኩ ነበር፤ ዛሬ ስለ እነሱ የሚናገር ሙዚየም አለ። በጥቅምት ወር ቅጠሉ ሲቀላ በዚህ ባቡር መሄድ ከአውሮፓ የባቡር ጉዞዎች ሁሉ ከሚያምሩት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጊዜ ያለው ሰው አያምልጠው።

አሁን ያለው አሠራርም ሁለት አገርን የቀላቀለ ነው። ወደ ሚላንና ወደ ኖቫራ የሚሄዱትን የክልል ባቡሮች የሚያንቀሳቅሱት የጣሊያን ድርጅቶች ናቸው። ወደ ብሪግ የሚሄዱት ግን የስዊዘርላንድ ናቸው፤ ጣሊያን ውስጥ በቫርዞና በኢዜሌ ሲቆሙም እንዲሁ። የስዊዘርላንድ ዓመታዊ የባቡር ካርድ ያለው ሰው ሌላ ትኬት ሳይገዛ እዚህ ድረስ ይመጣል። ከብሪግ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይህ በደንብ ይታያል። የዶሞዶሶላ የቅዳሜ ገበያ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። አይብ፣ የደረቀ ሥጋ፣ ጫማና ልብስ ለመግዛት የስዊዘርላንድ ሰዎች ዘንቢላቸውን ይዘው በባቡር ይወርዳሉ። ከጣቢያው ወደ አሮጌው የገበያ አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከጄኔቫ ወይም ከበርን ወደ ሚላን ዘመድ ለመጠየቅ የሚወርዱ የእኛ ሰዎችም መንገዳቸው ይኸው ነው። ስዊዘርላንድ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሼንገን ስምምነት ውስጥ ስለሆነች መደበኛ የፓስፖርት ኬላ ቀርቷል። ይህ ማለት ግን ፍተሻ የለም ማለት አይደለም። ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች ጉምሩኩም አለ። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት ቤት ጥሎ መሄድ አይገባም። ብዙ ሥጋ፣ ቅቤ ወይም መጠጥ ይዞ ወደ ስዊዘርላንድ የሚመለስም የተፈቀደውን መጠን አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል።